የላይኛው ምክር ቤት ወንፊት

አክስቴን በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊቷ» ይሏታል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የላይኛው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበረች። ከአባላቱ አፍ የሚወጣውን እጅ እግር የሌለው ንግግር አጣርታ ለሰው የሚታይ የምታደርገው እሷ ናት። አንዱ ክቡር አባል ስለ መንገድ ጥገና ጀምሮ ስለ ሪሁ ሲጨርስ፣ በማግስቱ «ጠቃሚ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ያነበዋል። ሲያንኮራፋ የዋለው ደግሞ «ሐሳቡን ደግፈዋል» ይባላል። ይህ የቤቱ ወግ እንጂ የእሷ ፈጠራ አልነበረም። እኔ ግን ድሮም አልወደውም፤ አሁን ደግሞ እጠላዋለሁ።

ቦታዋ ከአፈ ጉባኤው መድረክ ሥር ያለች ጠባብ ጠረጴዛ ነበረች። እዚያ ተቀምጣ በአጭር ጽሕፈት ትይዛለች፣ ከሰዓት በኋላ አጣርታ ትተይባለች። ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ ደግሞ የያዘችበትን ደብተር ጓሮ ባለው በርሜል ታቃጥለዋለች። ማቃጠሉም ደንብ ነው። አንድ ደብተር እንኳ ሳታቃጥል ወደ ቤቷ ሄዳ አታውቅም፤ በዚህ ደግሞ ትኮራ ነበር።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የወንዝ ዳሩን ሰፈር የሚያስነሳ ሕግ ቀረበ። ምራቅ የዋጡ አንድ ጡረተኛ ሐኪም ከአባላቱ መካከል ተነሡና አርባ ደቂቃ ተቃወሙ። በዚያ ሰፈር ያከሟቸውን ሰዎች እየጠሩ፣ ማን የት እንደሚወድቅ ተናገሩ። አፈ ጉባኤው «ከመዝገቡ ይውጣ» አሉ። አክስቴም «አስተያየት ሰጥተዋል» ብላ ጻፈች፤ ደብተሩንም አቃጠለች። ሕጉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተባለ፣ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሐኪሙም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ደብተሩን ያቃጠለች ዕለት ማታ ቤት ገብታ፣ «ወረቀቱን ነው ያቃጠልኩት፤ ንግግሩ አንድም ቃል ሳይቀር እዚህ አለ» ብላ ደረቷን ስትነካ አይቻለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ አመንኳት።

ዘንድሮ የምክር ቤቱን ማሻሻያ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሐሳቡ ሁለት ነው፦ ወይ አባላቱ እንደ ድሮው መሾማቸው ቀርቶ በሕዝብ ተመርጠው ቤቱ ይቀጥላል፣ ወይም ጭራሹን ይዘጋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሠላሳ ዓመት መዝገብ ካገላበጡ በኋላ፣ አንድም ጊዜ አንድ ሰው እንኳ «አይሆንም» ያለበት ካልተገኘ ቤቱ ለምን ይቆያል አሉ። እውነታቸውን ነው። ለእኛ ግን ቤቱ ተዘጋ ማለት አክስቴ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ተበተነች ማለት ነው። ሽባ ሆኖ የተኛው አባቴ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ መድኃኒቱን የሚያገኘውም በእሷ ስም ከምክር ቤቱ ክሊኒክ ነበር።

ስለዚህ የሐኪሙን ተቃውሞ ራሷ ልትመሰክር ተመዘገበች። በዋዜማው አባቴ፣ «እትዬ፣ እስኪ ንግግሩን አንዴ በይልኝ» አላት።

«አይሆንም። ደጋግሜ ካልኩት ይደርቅብኛል። ትኩሱን ነው የምነግራቸው።»

እኔ ደግሞ፣ «አክስቴ፣ ቢያንስ ጻፊው» አልኳት።

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ መጻፍ?» ብላ ሳቀች። መቆጣት ነበረብኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ታክሲ ይዘን ሄድን። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢዋ በዕድሜ ከእሷ የሚያንሱ፣ ረጋ ያሉ የሕግ ባለሙያ ናቸው።

«ተቃውሞ ነበር ነው የሚሉን?»

«ነበር። ሐኪሙ ሰፈሩ እንዳይፈርስ ተቃውመዋል።»

«የቀድሞው አፈ ጉባኤ ግን ሐኪሙ የተናገሩት ስለ ቦይ ጽዳት ነው ብለውናል። መዝገቡም ላይ ምንም የለም።»

«ከመዝገቡ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ንግግሩን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እንግዲያው ይበሉልን» አሉ።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክቡር አፈ ጉባኤ» ብላ ጀመረች። «እኔ በዚህ ሰፈር…» አለችና ቆመች። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል፤ ጣቷ እርሳስ እንደያዘ ሁሉ አንድ ነገር ይጭራል። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ሐኪሙ…» አለች እንደገና። «ሐኪሙ አስተያየት ሰጥተዋል።»

«ምን ዓይነት አስተያየት?»

«ጠቃሚ አስተያየት።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቀ። ያን ሰው ዛሬም ባገኘው አልምረውም። አክስቴ አልሰማችውም፤ የሌላ ሰው ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆማለች። ሰብሳቢዋ ረጅም ጊዜ ጠበቋት። በመጨረሻ በለሆሳስ፣ «እናመሰግናለን፤ ይቀመጡ» አሏት። ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ፤ ቤቱ ይዘጋ ተባለ።

ከምስክርነቱ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «የሐኪሙ ድምፅ ይሰማኛል። ሳላቸው ሳይቀር ይሰማኛል። ቃሉ የለም።» እጇን ያዝኩት።

ቤት ስንገባ አባቴ ትራሱ ላይ ቀና ለማለት እየታገለ ጠበቀን። «እትዬ፣ ነገርሻቸው?» አላት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «ነገርኳቸው» አለችው። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ።»

አባቴ ፊቱ በራ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እውነት ነው ልጄ?» አለኝ።

«እውነት ነው» አልኩት።