እናቴ ያጸዳችው ወርቅ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የማስተርስ ተማሪ ሆኜ መካኒሳ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ለመመረቂያዬ ከሕዋስ የሚወጣውን ደቃቅ የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያነብ ኤሌክትሮድ መሥራት ነበረብኝ፤ ቀጭን የወርቅ ሽቦ ከውጭ እስኪመጣ ብጠብቅ ጡረታዬ ይቀድም ነበር። እናቴ ጥንዱ የጠፋባትን የወርቅ ጉትቻ ሰጠችኝ። ወርቅ ሠሪ እንደ ፀጉር አቀጠነልኝ፤ እኔም የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቼ ጫፉን ብቻ ገለጥኩት።

ጫፍ እንዲህ ሲያንስ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም መልእክት አላሳልፍም የማለት ግትርነቱ፣ ሰማይ ይነካል። ለሙከራዬ ከአጥራችን ሥር የለቀምኩት ቀንድ አውጣ ሕዋሱ ቢናገርም የሚሰማው የመብራት መስመሩ ጩኸት ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር መቀባት ነው፤ ጥቁር፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ፣ ለመልእክቱ ሰፊ በር የሚከፍት። ትክክለኛውን አቀባብ ለማግኘት ሦስት ወር ለፍቼ ቀባሁት። ችኩሉ እኔ ግን ባዶውን ወርቅ አስቀድሜ አልለካሁም።

መምህሬ "ያለ ቅቡ ኢምፒዳንሱ ስንት ነበር? ሐሙስ ያንን ካላሳየኸኝ አትመረቅም" አሉኝ። ቅቡን ልፋቀው ብል አንጀቴ እምቢ አለ። ከዓይኔ እንዳይርቅ ብዬ ቤት ይዤው መጣሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጫፉን በሎሚና በአመድ ታሻለች። እንዴት እንዳልሰበረችው እግዜር ይወቅ።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ወርቅ ላበደረ ጠጠር! አንተ ልጅ፣ ምን አስነካኸው? የእኔ ወርቅ መቼ ጠቁሮ ያውቃል? ነገ ይኼን ይዘህ ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?"

ጫፉ ያብረቀርቃል። አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ሐሙስ መምህሬ ፊት ለካሁት፤ ኢምፒዳንሱ ሰማይ ነክቷል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ እዚያው እንደገና ቀባሁት፤ ወረደ። የቀንድ አውጣው ሕዋስም ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ታየ። መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጎበዝ! ማስረጃ ማለት ይኼ ነው። ቅቡን እንዲህ ሙልጭ አድርጎ ያነሳው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፤ በደካማ አሲድ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ማን አጸዳው ብለው አልጠየቁህም?"

"ጠየቁኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"እናቴ ናት አልኳቸው።"

ፊቷ በራ። ለእንግዳ የደበቀችውን ቋንጣ አውጥታ ፍርፍር ሠራችልኝ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ዋሽቼ በሁለተኛው ውሸት ራት ተጋበዝኩ። አፍሬያለሁ፤ ሳህኑን ግን ጠርጌዋለሁ።