ያልተጠራችው ምስክር

መርፌ የምንላት ልብስ ሰፊ ነበረች። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ቀጭን ስለሆነችና ስትናገር ስለምትወጋ ሰፈሩ በዚያው ጠራት፣ እሷም ወደደችው። ሱቋ አውቶቡሱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። አንድ በር፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ረጅም መስታወት። ሱሪው ጠበበኝ ለሚላት ደንበኛ “ሱሪውስ ደህና ነው፣ ሆድህን ጠይቀው” ትላለች። ሰው ይስቃል እንጂ አይቀየማትም። እኔ ስለሷ የምጽፈው ወድጃት አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት ቀንቼባታለሁ፤ ዛሬም ጨርሶ ለቆኛል አልልም።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ተሳፋሪዎቹ “ቀስ በቀስ” ነበር የሚሉት። የቸኮለ ሰው ወርዶ በእግሩ ይሂድ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ታዲያ መርፌ ጥግ ሲደርስ ጡሩምባ ይነፋል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ነው ይለኛል። አንድ ቀን ሻሼን ዝቅ አድርጌ ኋላ ወንበር ላይ ተሳፈርኩና ቆጠርኩ። በሌላው ጥግ አንዴ፣ በሷ ጥግ ሁለቴ። ቤት ሲመጣ ስጠይቀው፣ እዚያ የፍራፍሬ ጋሪ ስለሚቆም ነው አለኝ። ጋሪው እውነትም ይቆማል። እኔ ግን ልቤ አላመነም።

አደጋው የደረሰ ቀን ከምሳ በኋላ ነው፤ መርፌ ጥግ ላይ አንድ ብስክሌተኛ ድንገት ገባበት። እሱን አድናለሁ ብሎ መሪውን ሲጠመዝዝ የአውቶቡሱ ጎን ከመብራት ምሰሶው ጋር ተፋተገ። ሰው አልተጎዳም። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደና ተበተነ፤ ቲኬት ቆራጩም ለመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሊደውል ሄደ። ባለቤቴ ብቻውን ሲቀር መርፌ ወንበር አወጣችለት፣ ሁለት ብርጭቆ ኮኛክም አጠጣችው። ትራፊክ ፖሊሱ መጣና የትንፋሽ መለኪያ ሲያስነፋው ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ሆኖ ተገኘ።

ቤት መጥቶ ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ሕጉ የሚጠይቀው ሲነዳ ሰክሮ እንደነበር ነው፤ እሱ የጠጣው ከቆመ በኋላ ነው፤ ያን ያየች ደግሞ መርፌ ብቻ ናት። ይህ ሁሉ ለኔ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። የቀረልኝ፣ ከእጇ መጠጣቱ ነው። ለመሆኑ ልብስ ሰፊ ኮኛክ ምን ያደርግላታል?

“እሷ ችሎት ቆማ ‘እኔ ነኝ ያጠጣሁት’ ካለች እኔ በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም” አልኩት። “ወይ እሷን ጥራ፣ ወይ እኔን አስቀር።”

“እሺ” አለኝ።

ችሎት ፊት የጠጣሁት ከቆምኩ በኋላ ነው ብሎ ተናገረ። ዳኛው ማን አየህ ሲሉት፣ ማንም አላየኝም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ሰክሮ የሚነዳ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው ብሎ ተቀመጠ። ጥፋተኛ ተባለ፤ መንጃ ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ታገደ።

ቤት ዋለ። ቁርስ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ወጪ ወራጁን በመስኮት ያያል። አንድ ጠዋት ማንኪያ ወደቀብኝና ጎንበስ ብል፣ ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ፍሬን ሲረግጥ አየሁት። ይረግጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይረግጣል። ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ።

ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሄድኩ። እዚያ ጥላ ሥር በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ይግባኝ ይጻፉልኝ፣ ምስክር አለን አልኳቸው።

“እህቴ፣ ይግባኝ ክርክሩን እንደ አዲስ መጀመር አይደለም” አሉኝ። “የላይኞቹ ዳኞች የሚያዩት ታች የተጻፈውን መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሌለች ሴት ለነሱ ገና አልተወለደችም።”

አዲስ ምስክር የሚሰሙት ያኔ ያልታወቀች ወይም ልትገኝ ያልቻለች ከሆነ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና፣ ያኔ አታውቋትም ነበር፣ አይደል? አሉኝ። አናውቃትም ነበር አልኳቸው። ጻፉት።

ቀጥዬ ወደ መርፌ ሄድኩ። በሯን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ “እትዬ፣ ለሰላምታ እንኳ ገብተሽ አታውቂም፤ ዛሬ ምን ልለካልሽ?” አለችኝ። መሬት መሬት እያየሁ የመጣሁበትን ነገርኳት። መልሳ አልወጋችኝም። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት ይጠሩኝ ይሆናል ብላ ሱቋን ዘግታ መዋሏን ብቻ ነገረችኝ።

የይግባኙ ዕለት ራሷ የሰፋችውን ግራጫ ካፖርት ለብሳ መጣች። ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል። ባሌን ልታድንልኝ የመጣችን ሴት፣ እኔ ወገቧን አያለሁ። ምስክር ስለሆነች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ቀረች፤ እኔ ገባሁ።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። የመሐሉ ዳኛ ማመልከቻውን አነበቡና ባለቤቴን ጠየቁት፤ “ይህችን ምስክር ያኔ ታውቃት ነበር?”

አላውቃትም ቢል መርፌ ትገባለች። ማመልከቻውም እንደዚያ ነው የሚለው። ዞር ብሎ አየኝ።

“አውቃት ነበር” አለ። “ሱቋም ያው እዚያው ነው። ሳልጠራት የቀረሁት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“የቤቴ ጉዳይ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።”

ጥፋተኛ የሚለው ጸና። ብዙ ዓመት ያለ ጥፋት ነድቷል ተብሎ እገዳው ወደ አንድ ዓመት ወረደለት፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ መሪ አላስጨበጠውም። ጡረታ እስኪወጣ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚገባና የሚወጣ አውቶቡስ መዘገበ። በዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ በአንቺ የተነሳ ነው አላለኝም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

ያን ዕለት ከችሎት ስንወጣ መርፌ ተነስታ ካፖርቷን አስተካከለች። “ተጠራሁ?” አለችኝ። አልተጠራሽም አልኳት።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ሱቋ ሄድኩ። ያኔ ልትመሰክሪ የነበረውን ንገሪኝ አልኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመችና፣ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ብድግ ብላ ቆማ ነገረችኝ። መጀመሪያ የሰጠችው ውሃ ነበር፤ ልብሱ ላይ ደፋው። ኮኛኩ ታላቅ ወንድሟ ትቶት የሄደው ነው። ብርጭቆውን መያዝ ስላቃተው እሷ ያዘችለት። ያን ብስክሌተኛ ልጅ ገድዬው ቢሆንስ እያለ አለቀሰ።

ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ እንባውን አላየሁም። እሷ በግማሽ ሰዓት አየችው።

“እኔን አነሳኝ?” አልኳት።

“አላነሳሽም፣ እትዬ።”

መዋሸት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ።