ሎሚ ጅራቱን የጣለ ዕለት

መኪና መንዳት የሚያስተምረውን ሰውዬ ተማሪዎቹ በሌለበት «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። በእሱ በኩል ያለችውን ትርፍ ፍሬን፣ መንገደኛ ገና በሩቅ ሲያይ ስለሚረግጣት ነው። ሚስት አላገባም፤ ጡረታ ከወጣች ታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል። እህቱ ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ስለነበረች አጭር መልስ ትወዳለች፤ ነገር ሲረዝም መስመሩን ትዘጋዋለች።

አንድ ቅዳሜ የሟች ታናሽ እህታቸው ልጅ የመስታወት ሣጥን አቅፋ መጣች። ልጅቷ ነርስ ናት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነበር፤ የምትከራየው ቤት ባለቤት ደግሞ እንስሳ አላስገባም ብለዋል። ሣጥኑ ውስጥ ካለው የተሰነጠቀ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ጭንቅላት ብቅ አለና ዓይኑን ቀስ ብሎ ከደነ።

«እንሽላሊት ነው» አለ ፍሬን ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«ጌኮ የሚባል የእንሽላሊት ዘር ነው አጎቴ። ሎሚ ነው የምለው። አይጮህም፣ አያስቸግርም።»

«ምን ይበላል?»

«ፌንጣ። በሕይወት ያለ።»

«ፌንጣ እዚህ ቤት አይገባም» አለች እህትየው ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና። «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ብረት ነው ይላሉ። ይሄ ከብረቱ ጀመረ።»

ቢሆንም ልጅቷን ያሳደጓት እነሱ ናቸው፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትቆም ሁለቱም እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። በድርድር ፌንጣው ቀርቶ፣ ክዳን ባለው ጣሳ የሚቀመጥ የዱቄት ትል ተፈቀደ። እህትየው ግን ቁርጡን ተናገረች፤ «እኔ አልነካውም፣ አላየውም፣ ስሙንም አልጠራም።»

ፍሬን በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጠቀለለው። የእህቱ ልጅ በስልክ ስትሰማ ልትስቅም ልትቆጣም ቃጣት።

«ማሞቂያው በአንድ በኩል ብቻ ይሁን አጎቴ። ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ይበል። ሲሞቀው ወደዚያ፣ ሲበርደው ወደዚህ እያለ ራሱ ይመርጣል።»

«ራሱ?»

«ራሱ። ደግሞ አደራ፣ በጅራቱ እንዳትይዘው።»

ራሱ ይመርጣል የሚለው ነገር ሰውየውን አላስደሰተውም። እሱ የሚያውቀው ተማሪ ራሱ ከመረጠ ግንብ ላይ እንደሚወጣ ነው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ይተኛና፣ ትሉ ላይ የካልሲየም ዱቄት ነስንሶ በወረንጦ ያቀርባል። ሎሚ ያሸታል፣ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ይልሳል፣ ከዚያ ዞሮ ጀርባውን ይሰጠዋል። በማግስቱም ያው፣ በሳልስቱም ያው።

«አንድ ጉርሻ ብቻ» እያለ ይለምነዋል ፍሬን፣ ተማሪዎቹ ሰምተውት በማያውቁት ድምፅ። እህቱ ሹራቧን እየሠራች ቀና ብላም አታይም።

አንድ ማለዳ ሎሚ ቢጫነቱ ጠፍቶ፣ አመድ የተነፋበት መስሎ ተገኘ። ፍሬን የዕለቱን ተማሪዎች ሁሉ ሰርዞ፣ ጌኮውን በጫማ ካርቶን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደ። ያን ቀን እንደነዳው ቀስ ብሎ የነዳ ሰው የለም፤ ብስክሌቶች እየጮኹበት አለፉት።

ሐኪሟ ካርቶኑን ስትከፍት ሎሚ እንደ አዲስ ሳንቲም እያብረቀረቀ ቁጭ ብሏል። ከአፉ ጥግ የቀረች ነጭ ቁራጭ ተንጠልጥላለች።

«ቆዳውን ቀይሮ ነው» አለች። «አሮጌውንም በልቶታል። ደንብ ነው፣ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

«ሌላ ምግብ ግን በአፉ አልዞረም።»

ሐኪሟ ሎሚን መዘነችው፤ ጅራቱንም አየችው። ጌኮ ስቡን የሚያጠራቅመው ጅራቱ ላይ ነው፤ የሎሚ ጅራት ደግሞ አውራ ጣት ያህል ወፍሯል። «ይሄ ከእኔ የተሻለ እየበላ ነው» አለችው።

ፍሬን ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖበት ቤቱ ተመለሰ። ካርቶኑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ክዳኑን ገለጥ ሲያደርግ ሎሚ ዘለለ፤ ከወንበር ወደ ምንጣፍ፣ ከምንጣፍ ወደ ሶፋው ሥር። ሰውየው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማቆም። እጁን ሰደደና ያገኘውን ያዘ።

ያገኘው ጅራቱን ነበር። ጅራቱ እጁ ላይ ቀረ፤ ብቻውን እየተወራጨ። ሎሚ ወደ ሶፋው ሥር ገባ። ፍሬን ጅራቱን ጥሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ገደልኩት እትዬ» አለ።

እህቱ ሹራቧን አስቀመጠች። ጣሳውን ከፈተች፣ አንድ ትል መዳፏ ላይ አድርጋ ሶፋው አጠገብ ተንበረከከች። «ና አንተ ሆዳም። ና የእኔ ሎሚ። ምሳህን ሳትበላ ነው የምትሮጠው?» ሎሚ ብቅ አለ፣ ጅራቱ የነበረበት ቀይ ሆኖ። ትሉን ከመዳፏ ላይ አንስቶ እዚያው ክንዷ ላይ ወጣ።

ፍሬን ከወለሉ ቀና አለ። «ምሳ?»

«ቀን ቀን ብቻውን ሲያየኝ አንጀቴን በላው» አለች። «አልጠየቅከኝም፣ አልነገርኩህም።» ከዚያ ወለሉ ላይ የሚንፈራገጠውን ጅራት አየችና፣ «ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይሄ ነው» ብላ ሎሚን ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

ሐኪሟ በስልክ አረጋጋቻቸው፤ ጅራት ይበቅላል፣ ንጹሕ ወረቀት ይነጠፍለት፣ በደንብ ይብላ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ማን ያብላው የሚለው ሆነ። ቀኑን እሷ፣ ማታውን እሱ ብለው ተስማሙ፤ አንዳቸው በሌላው ሰዓት ትል ሲሰጡ እየተያዙም ተኮራረፉ። ለልጅቷ ግን አልነገሯትም። በቪዲዮ ስትደውል እህትየው ስልኩን ይዛ የጌኮውን ፊት ብቻ ታሳያለች፤ ፍሬን ደግሞ ኋላውን በማሰሮው ይከልላል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቷ እንስሳ የማይከለከልበት ቤት አግኝታ ሎሚን ልትወስድ የመጣች ዕለት፣ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። አዲሱ ጅራት አጭርና ድቡልቡል ነው፤ ለስላሳ፣ ነጠብጣብ የሌለው፣ ድንች የተሰካበት ይመስላል።

«ይሄ የእኔ ሎሚ አይደለም» አለች።

«ነው» አለች አክስቷ።

«ጅራቱስ?»

ፍሬን ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ቀየረ።»

ልጅቷ ነርስ ናት፤ ቁስል የዳነበትን ቦታ ስታይ ታውቃለች። አንዴ አጎቷን አንዴ አክስቷን አየች፤ ሁለቱም መጋረጃውን ያያሉ። ሳቋ እስኪያስነባት ሳቀች። «እሺ፣ ልውሰደዋ» አለች በመጨረሻ።

«መንገዱ ረጅም ነው፣ ያንገላታዋል» አለ ፍሬን።

አክስቷ ወረንጦውን አንስታ የጣሳውን ክዳን ከፈተች፤ ሎሚም ማሰሮውን ትቶ ወደ እሷ መጣ። ልጅቷ «በሉ፣ እዚሁ ይቅር» ብላ ቦርሳዋን መልሳ ወንበሩ ላይ ሰቀለችና እጇን ልትታጠብ ገባች።