ውሃ እንዳይነካው

ኬሚስትሪ ሳስተምር አስራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ «ሶዲየም ውሃ ሲነካው ይቀጣጠላል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ሶዲየም የሚባለውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ትምህርት ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። ቤተ ሙከራ የሚባል አንድ ክፍል ነበረው፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ሲዛወር አስረከበኝ። አንድ ቀን ከፍቼ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ መልሼ ቆለፍኩት። ተማሪ ሲጠይቀኝ «ዕቃው አልተሟላም» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። እኔም የተማርኩት በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ነው፤ በልጆች ፊት እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዲታይብኝ አልፈለግኩም።

ከዚያ በአቅራቢያችን ያለው ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ላሉ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ሊሰጥ፣ መምህራንን ሊያሠለጥን፣ ተማሪው በእጁ እየሠራ እንዲማር ሊያግዝ ተነሣ። በበኩላችሁ ክፍሉን አድሱ አለን። ወላጆች ተስማሙ። በግንቦት አንድ ማለዳ ወንዶቹ ቆርቆሮና ሚስማር፣ ሴቶቹ በጀሪካን ውሃ ተሸክመው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ከዩኒቨርሲቲው የቤተ ሙከራ ባለሙያ ትመጣለች ተብሎ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የለችም።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «መምህር፣ ክፈት። ዝናቡ ሊቀድመን ነው» አሉኝ።

ከፈትኩ። ሁለት ሴቶች በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ውሃ ደፉና መጥረግ ጀመሩ። አንድ ሰው መደርደሪያውን በመጥረጊያ ሲያራግፍ ዓይኔ ከታች ካለ ቡናማ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል፤ ከቀሩት ፊደሎች ግን «ሶዲየም» የሚለው ይነበባል። ውስጡ ሦስት ግራጫ ቁራጮች አሉ። ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ሊሸፍናቸው የሚገባው ዘይት ደርቆ ወደ ታች ወርዷል። ልክ ከጠርሙሱ በላይ ቆርቆሮው ተቀዷል፤ ሰማዩ ይታየኛል። ወለሉ ላይ የተደፋው ውሃ ደግሞ ወደ መደርደሪያው እየሄደ ነው።

«አትንኩ! ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ!»

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ጥለው ወጡ። ሰብሳቢው በሩ ላይ ያዙኝ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ሲነካው የሚነድ ነገር ነው አባባ። ሊፈነዳም ይችላል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ቁልፉ አንተ ጋ አይደለም እንዴ?»

ከኋላቸው ሰዎች በአካባቢው ቋንቋ በአዊኛ ጮክ ብለው መነጋገር ጀመሩ። ሁሉንም ባልሰማም የልጆቻቸውን ክፍል በእጃቸው ሲያሳዩ ገባኝ፤ በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው።

«ገብቼ አይቼው አላውቅም» አልኩ። «አሠራሩን ስለማላውቀው ፈራሁ፤ ዘጋሁት።»

ሰብሳቢው እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሡ።

ግቢው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከግቢው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሮጬ ወጣሁና ለባለሙያዋ ደወልኩ። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቆማለች። ነገሩን ስነግራት ድምፅዋ ተለወጠ። «በእጅዎ አይንኩት፣ አያንቀሳቅሱት። ከላይ በላስቲክ ይሸፍኑት፣ ወለሉን በደረቅ አሸዋ ይገድቡት። የሚያልፍ ሞተር ለምኜ እመጣለሁ።»

ስወርድ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ፊቴ ላይ አረፉ። ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ ከውስጥ ደረቁን በጆንያ ሞልቼ ገባሁና ውሃው ፊት ደፋሁት። ሰብሳቢው ለዝናብ የሚለብሱትን ላስቲክ ከትከሻቸው አውልቀው ተከተሉኝ።

«ይስጡኝና እርስዎ ይውጡ» አልኳቸው።

«ለብቻህ አይዘረጋም። ያንን ጫፍ ያዝ።»

ከጠርሙሱ በላይ ላስቲኩን ወጥረን ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በቀዳዳው የሚገባው ውሃ ላስቲኩ መሀል ሲጠራቀም በቀስታ ወደ በሩ በኩል እናፈሰዋለን። ክንዴ ዛለ። የእሳቸው ክንድ ግን አልተነቃነቀም። እኔ ጠርሙሱን አያለሁ፤ እሳቸው እኔን ያያሉ።

ወጣቷ ባለሙያ ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ ለብሳ ደረሰች። ሰብሳቢውን በአዊኛ ሰላም ብላ በአክብሮት አስወጣቻቸው፤ እሳቸው የያዙትን የላስቲኩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር አሰረችው። ከቦርሳዋ መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም መቆንጠጫና ዘይት የሞላ ብልቃጥ አወጣች። ከዚያ መነጽሩንና ጓንቱን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«እኔ የእርስዎን ጫፍ እይዛለሁ፤ መምህር፣ እርስዎ ያውጡት። በደንብ ያድርቁት መቆንጠጫውን።»

እምቢ ልላት ነበር። በሩ ላይ የቆሙትን ወላጆች ሳይ አፈርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁሉም አዩት። ክዳኑን ከፍቼ አንደኛውን ቁራጭ አነሣሁ፣ ዘይቱ ውስጥ ከተትኩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ሊያመልጠኝ ሲል አንዲት ሴት «በስመአብ» ስትል ሰማሁ። እሱንም ከተትኩት። ልጅቷ ብልቃጡን ከደነች፤ ከዚያ በኋላ ነው እሷም የተነፈሰችው።

ሰብሳቢው ቁልፉን በዚያው ቀን ከእጄ ወሰዱ። ለወራት ሰላምታችን በሩቁ ሆነ። አልተቀየምኳቸውም።

ክረምቱን ሙሉ ከእኔ በዕድሜ ከሚያንሱ መምህራን ጋር ዩኒቨርሲቲው ተመላልሼ ሠለጠንኩ። ጠብታ መቁጠር፣ መመዘን፣ ብርጭቆ ማሞቅ እንደ ሕፃን ተማርኩ። በኅዳር በታደሰው ቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን የተግባር ትምህርት ሳስተምር ልጆቹ ከየማሳቸው ያመጡትን አፈር አሲዳማነት ለኩ። አንድ ብርጭቆ ተሰበረ፤ አንድ ቡድን ውጤቱ ተሳሳተበትና እንደገና ጀመረ። ሰብሳቢው ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ቆመዋል። አንዲት ተማሪ የእሳቸውን መንደር አፈር ውጤት ስታነብ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

«መምህር» አሉኝ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይሄ ቁጥር ለገብሴ ምን ማለት ነው?»

ወንበር ሳብኩላቸውና ማስረዳት ጀመርኩ።