ሳያጣሩ የማያልፉት ኃላፊ

ሠራተኞቹ በሌሉበት “ጋሽ ማጣሪያ” የሚሏቸው የማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ኃላፊ፣ ሴት ልጃቸውን ሊያገባ የሚፈልገውን ጎረምሳ የማተሚያ ቤቱ ደረጃ ላይ ድንገት ሲያገኙት ፊታቸውን ሊያዞሩ ምንም አልቀራቸውም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከእነማን ጋር እንደሚውል፣ ጎረቤት ምን እንደሚለው ሲያጣሩ ይኸው ዓመት አለፋቸው፤ ለሽምግልና ለመጡት ዘመዶቹ እሺም እምቢም አላሉም። ጎረምሳው ግን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ጭንቅ ላይ ናቸው። ጠዋት ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሊኑክስ ካዘመኑት ወዲህ ማተሚያው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ከሰዓት በኋላ የሚወሰደው መጽሐፍ ገና ባዶ ወረቀት ነው።

“ና እስቲ አንተ ልጅ፣” ብለው ይዘውት ገቡ።

ልጁ ስክሪኑን እያየ ሳቁን ዋጥ አደረገ። “ጋሼ፣ እነዚህ የጫኗቸው የሶፍትዌር ፓኬጆች ከየት እንደመጡ አልተረጋገጠም ይላል እኮ። ‘ልቀጥል?’ ብሎ ሲጠይቅዎት ምን አሉት?”

“አዎ አልኩት።”

“የማን እንደሆኑ ሳያጣሩ?”

“ሥራ በዝቶብኝ ነበራ። ደግሞ ሁልጊዜ ይጠይቃል፣ እኔም ሁልጊዜ አዎ እለዋለሁ።”

ልጁ ምንጫቸው ያልታወቀውን አጥፍቶ፣ የተረጋገጡትን ከሊኑክሱ ዋና ማከማቻ አምጥቶ ጫነ። ማተሚያው አጓርቶ ተነሳ። ኃላፊው እስከ በሩ ሸኙት። ምስጋናው ከአፋቸው አልወጣ ቢላቸው ትከሻውን ያዝ አደረጉትና፣

“ጥፋቱ ያንተ ነው፣” አሉት። “ዘመዶችህን አሰልፈህ ከምትመጣብኝ፣ ሥራ ሲበዛብኝ ጠብቀህ ብቅ ብለህ ‘ልቀጥል?’ ብትለኝ ኖሮ፣ እስካሁን አዎ ብዬህ አርፈን ነበር።”