አምስት ጥንድ ቀላል ስኪ ለስድስት ወታደር

የጉዞ ትእዛዙ የደረሰኝ ሸዋ ሮቢት ለፈቃድ መጥቼ ሳለሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሙቀቱ ሰውን ከጥላ የማያስወጣበት ሰዓት ነበር። ስልኩ የተደወለው ጎረቤታችን ሱቅ ነው። የሻለቃችን ጸሐፊ እንደ ልማዱ ነገር አላበዛም።

«ሃምሳ አለቃ ሰይድ፣ ፈቃድህ ተቋርጧል። ነገ ማታ ክፍልህ ላይ ተገኝ። የውጭ አገር ስልጠና ነው፤ የተራራ ውጊያ።»

«ምን ዓይነት ተራራ?» አልኩት።

«በረዶ ያለበት» ብሎ ዘጋው።

ባለቤቴ ዘሃራ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጣርማ በር ላይ የመኪናውን መስኮት ሁሉ የምታዘጋ ሰውዬ፣ አንተ ነህ በረዶ የምትዋጋው?» አለችኝ። ሳቀች እንጂ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ያላትን የሱፍ ነገር ሁሉ ጨመረችበት።

ስለ ድንበሩ ጦርነት ጠይቃችሁኝ የነገርኳችሁ አለ፣ ያልነገርኳችሁም አለ። ይህኛው ሌላ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠላት የለም፤ ጥይትም አልተተኮሰም። ግን ትእዛዝ ነበር፣ ግዳጅ ነበር፣ ከመካከላችን አንዱ ተራራ ላይ ሊቀር የነበረበት ቀን ነበር። ለኔ ከግንባር አይለይም።

ስድስት ነበርን። መሪያችን ሻምበል ግርማ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ብርድ ያሳደገው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ከሁላችን ወጣቱ አስር አለቃ ጀማል ነበር፤ የጀውሃ ልጅ፣ ከኔ ቤት በመኪና ብዙ የማይርቅ። እናቱ እትዬ ፋጡማ በዋናው መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ ሴት ናት። የቀሩት ሦስቱ ከሌላ ክፍል የመጡ ጥሩ ወታደሮች ነበሩ። ከስድስታችን በረዶ በዓይኑ ያየ አልነበረም። ሻምበል ግርማ እንኳ የሚያውቀው ማለዳ ሣር ላይ የሚያድረውን ውርጭ ነው።

ስልጠናው አገር ስንደርስ መጀመሪያ የከበደን የበረዶው ስም ነው። አሰልጣኞቹ የዱቄት ያህል ለላላው አንድ ስም፣ እንደ ድንጋይ ለጠጠረው ሌላ ስም፣ ከላይ ቅርፊት ሠርቶ ከሥሩ ለሚሰምጠው ሌላ ስም አላቸው። ሻምበል እየተረጎመ «በረዶ… ይኼም በረዶ… ይኼኛውም ያው በረዶ» ሲል እኛ እንስቃለን። ሦስት ሳምንት በመለማመጃ ስኪ፣ እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ በሚያንሸራትት ረጅም ሳንቃ፣ ስንወድቅና ስንነሳ ከረምን። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ከቃሉ ይልቅ ቂጣችን አወቀው።

የመጨረሻው ልምምድ ዋዜማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰዱን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የቀድሞ ወታደር፣ ሽማግሌ ነው። ብርድ ሁለት የእግር ጣቶቹን ወስዶበታል። ግዳጃችንን ያውቃል፦ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስተን፣ በሁለት ጫፎች መካከል ያለ አንድ ከፍተኛ የተራራ በር አቋርጠን፣ ከማዶው ሬዲዮ መትከል።

ሦስት ዓይነት ስኪ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አንደኛው ሰፊና ከባድ ነው። ሁለተኛው እንደ ቅጠል የቀለለና ጠባብ፣ ለሩጫ ውድድር የተሠራ። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ነው፤ ቀላል ግን የማይልፈሰፈስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ጠርዝ ያለው።

ሽማግሌው ተናገረ፤ ሻምበል ተረጎመ። «ነገ የምትውሉት ዳገት ላይ ነው። በየእርምጃው እግራችሁ ላይ ያለውን ታነሳላችሁ፤ ስለዚህ ቀላል ምረጡ። ግን ቅለት ብቻውን አያወጣም። ሌሊቱን የበረደው ጠዋት እንደ መስታወት ይሆናል። በጣም የቀለለው እዚያ ላይ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል። ሰፊው ደግሞ ጠርዙ ከእግራችሁ መሐል ይርቃል፤ ጠጣር ተዳፋት ላይ በጠርዙ ለማቆም ቁርጭምጭሚት ይደክማል፣ ከዚያ ያመልጣል። ከሰዓት ፀሐይ ሲያላላው ድብልቅ ይሆናል፤ ያኔ ትንሽ ስፋት ያስፈልጋል። የመካከለኛው ለሁለቱም ይበቃል።»

ጀማል ሰፊውን ዳሰሰ። «እኔን ግን ይኼ ነው ደስ ያለኝ። እንደ ግመል እግር ነው፣ አይሰምጥም» አለ።

አባቴ የአሊዩ አምባ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን በጭነት ከብት ኋላ የጨረሰ። ለጀማል የነገርኩት እሱ የነገረኝን ነው። «ግመል እኮ አሊዩ አምባ ላይ ነው የምትቀረው» አልኩት። «ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ ትመጣለች። አንኮበር አቀበት ሥር ስትደርስ ጭነቷ ወርዶ ለአህያና ለበቅሎ ይሰጣል። ድንጋዩን የሚይዘው ጠባብ ኮቴ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ በቅሎዋን እወስዳለሁ» ብሎ ሳቀ።

ችግሩ የመጣው ያኔ ነው። በእኛ ጫማ ልክ የተዘጋጀው መካከለኛ ስኪ አምስት ጥንድ ብቻ ሆነ። የስድስተኛው ጠርዝ ተላቆ ለጥገና ሄዷል። የሩጫው ለእኛ ጫማ ስለማይገጥም ለስድስተኛው ሰው የቀረው ያ ሰፊው ነው።

ሻምበል ግርማ ወዲያው «ሰፊውን እኔ እይዛለሁ» አለ።

«አይሆንም ጌታዬ» አለ ጀማል። «መንገድ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት። እኔ ጉልበት አለኝ፣ ክብደቱን እችለዋለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ ሰይድ፣ እርስዎ የያዙትን ይያዙ።»

መካከለኛው ስኪ እጄ ላይ ነበር። ወታደርነቴ ከሱ ይበልጣል፣ ልምዴ ይበልጣል፣ አስረድቼ ሰፊውን ያስጠላሁትም እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ከእጄ አላወረድኩትም። ጉልበቴ እያረጀ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነትም ነበር። ግን ያልተናገርኩበት ምክንያት እሱ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ሽማግሌው ለጀማል ከስኪው ሥር የሚገጠም ጥርሳም ብረት ሰጠው። «ተዳፋቱ ላይ ካመነታህ አትቸኩል፤ ቆመህ ይኼን ግጠም» አለው።

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነሳን። ከስኪያችን ሥር ጸጉራም ጨርቅ ለጥፈናል፤ ወደፊት ሲገፉት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ይነክሳል። በሱ ነው ዳገት የሚወጣው። እንድንራመድ ተረከዛችን ከስኪው ተፈትቶ ነጻ ነው። የሚሰማው የትንፋሻችንና የስኪው ፍትግታ ብቻ ነበር። ሻምበል መራ። እኔ ሁለተኛ ሆንኩ። ጀማል አምስተኛ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ጫፎቹን ነካች። ሁለት ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳ። ጀማል ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ቆመን ጠበቅነው። ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ» አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከበሩ በታች ያለው ተዳፋት ደረስን። ተዳፋቱን ወደ ጎን ማቋረጥ አለብን። በረዶው ጠጥሯል፤ የጣልነው እርምጃ ምልክት አልተወም። ሻምበል አለፈ። እኔ አለፍኩ። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው አለፈ። ጀማል እንዳዘገየን ተሰምቶት ኖሮ ጥርሳሙን ብረት ሳይገጥም ገባ።

ድምፁን ሰማሁት። ብረት ጠርሙስ ሲፍቅ የሚያወጣው ዓይነት ነው። ስዞር ጀማል የለም። ከኛ በታች በጀርባው እየተንሸራተተ ነበር። አንዱ ስኪ ተፈናጥሮ ገደል ገባ። ጀማልን ግን ከገደሉ አፍ ትንሽ በላይ የወጡ ድንጋዮች ያዙት።

«ጀማል!»

ደግሜ ጮህኩ።

«ጀማል!»

«አለሁ» አለ ከታች። «ጉልበቴ ነው። መንቀሳቀስ አልችልም። ብንቀሳቀስ እሄዳለሁ።»

ሻምበል ግርማ ድምፁን አልቀየረም። «ማንም ካለበት እንዳይነቃነቅ። ገመድ አውጡ። ሬዲዮ፣ ሰፈሩን ጥራ።» ሬዲዮ የያዘው ወታደር ተገናኘ። በዚህ ነፋስ ሄሊኮፕተር አይነሳም አሉት። ሻምበል እኛን ተመለከተ።

«እኔ እወርዳለሁ» አልኩ።

«አንተ ለምን?»

«እሱ ሊያደርገው የሚገባው ስኪ እኔ እግር ላይ ነው ያለው።»

አንድ አፍታ አየኝ። ከዚያ ገመዱን ወገቤ ላይ አሰረልኝ።

ጸጉራሙን ጨርቅ ላጥኩ፤ ተረከዜን ቆለፍኩ። ፊት ለፊት አልወረድኩም። ስኪዎቹን ለተዳፋቱ አግድም አድርጌ፣ በጠርዝ ቆሜ፣ ጠርዙን ጥቂት እያላላሁ መልሼ እየያዝኩ በጎን ወረድኩ። ስኪው ይንቀጠቀጣል። ቀላል ስለሆነ ጠጣሩ ላይ አይረጋም። ጠርዙ ግን ይነክሳል። «ያ ረቢ» እላለሁ፣ አንድ ክንድ እወርዳለሁ። ደግሞ «ያ ረቢ» እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም።

አጠገቡ ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ሰይድ፣ አይንኩኝ። አብረን እንዳንሄድ።»

«ዝም በል። እጅህን ስጠኝ።»

ከወገቤ ባወጣሁት የበረዶ መጥረቢያ የሁለታችንን መቆሚያ ቆፈርኩ። ገመዱን በደረቱ አዞርኩ። ገመዱ ሲጠብቅ ያ ሁሉ ጉልበተኛ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እኔም የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ የተነፈስኩት ያኔ ነው።

ጓዶቻችን ቀስ በቀስ ወደኛ ወረዱ። የተረፈውን አንድ ሰፊ ስኪ መሐል፣ የኔን ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርገን ስንሄድ በምንደገፍባቸው ዱላዎችና በገመድ አሰርን። ጀማልን በላዩ አስተኛነው። ድንጋዮቹን ተገን አድርገን በጎን ወጣንና ከጎኑ ባለ ሰፊ ሸለቆ ቁልቁል ወደ ሰፈሩ መውረድ ጀመርን። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከቀትር በኋላ በረዶው ተለወጠ። ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ከሥሩ ያለው ይውጣል። ስኪዬ ጀማል ሥር ስለሆነ እኔ በእግሬ ነኝ፤ እስከ ጉልበቴ እሰምጣለሁ። ያ ጠዋት ጀማልን የከዳው ሰፊ ስኪ አሁን የላላው በረዶ ላይ ሳይሰምጥ ተሸክሞት ሄደ። ቦታው እስኪመጣ ነበር እንጂ ክፉ ዕቃ አልነበረም።

አንድ ቦታ ላይ ለእረፍት ስንቆም አጠገቡ ተንበረከክሁ።

«ጀማል፣ ትናንት ስኪውን ልሰጥህ ይገባኝ ነበር። ፈርቼ ነው የያዝኩት።»

ዓይኑን ገለጠ። «ቢሰጡኝ ኖሮ የሚወድቁት እርስዎ ነበሩ። እርስዎን ለማዳን እኔ ልውረድ ብል ማን ይፈቅድልኝ ነበር? ሻምበል ሌላ ሰው ይልካል እንጂ እኔን አይልከኝም።» መልሶ ዓይኑን ጨፍኖ «ብቻ እማ እንዳትሰማ» አለ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሰፈሩ በር ደረስን። ሽማግሌው የግምጃ ቤት ኃላፊ ውጭ ቆሞ ነበር። ስለ ጠፋው ስኪ አንድ ቃል አልተናገረም። በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ። ሐኪሙ አጥንት እንዳልተሰበረ፣ የጉልበቱ ጅማት እንደተጎዳ ነገረን። ይድናል አለ። ሻምበል ግርማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አማተበ። እኔ ደጅ ወጥቼ በረዶው ላይ ሰገድኩ። ያ ቀን ከሞቀኝ ቀኖች አንዱ ነው።

አገራችን ስንገባ ጀማል በዱላ ይሄድ ነበር። ጀውሃ ድረስ ሸኘሁት። እትዬ ፋጡማ ከመንገዱ ማዶ አየችን። የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ፣ መኪና እንኳ ሳታይ ተሻገረች። ልጇን አቀፈችና ጎንበስ ብላ ጉልበቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች። በኦሮምኛ ጠየቀችው፤ በኦሮምኛ መለሰላት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌሎቹስ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ከድንበሩ ጦርነት ስመለስ በአንድ ጓድ፣ በአንድ ትንሽ የጦር ቡድን፣ ከነበርነው አስራ አንድ ሰው የተመለስነው አራት ነበርን። በየሄድኩበት ቤት፣ ማጀቴም ቀወትም፣ እናቶች የራሳቸውን ልጅ ጠይቀው ሲያበቁ ይኼንኑ ይጠይቁኛል። እኔም ሰባት ስም እጠራለሁ። አንዱን እንኳ እንዳልዘለው በየመንገዱ እየደገምኩ እሄድ ነበር። አሁንም ሲጠይቁኝ እጠራቸዋለሁ፤ የሞተ ሰው ሌላ የሚደረግለት ነገር ብዙ የለም።

እትዬ ፋጡማ መልሴን ትጠብቃለች። አፌን ስከፍት የምጠራው ስም አጣሁ።

«ሁሉም ገብተዋል» አልኳት። «የቀረ የለም።»

«አልሃምዱሊላህ» ብላ እዚያው መንገዱ ዳር፣ የሾፌሮቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ጀማልም አጠገቧ ተቀመጠ።

ምሳ ሳላበላህ አትሄድም ብላኝ በልቼ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሙቁ ነፋስ ፊቴን ይመታኛል። ወታደር ከሆንኩ ጀምሮ መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። ረዳቱ ትከሻዬን ነቅንቆ «ጋሼ፣ ደርሰዋል» እስኪለኝ ድረስ አልነቃሁም።