ከአርባው በፊት የሸጥናቸው ሸክላዎች

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ነበር። የገዛሁት ቲማቲም እንዳይፈርጥብኝ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ስልኳን ትነካካለች። ሾፌሩ መንገዱ ተዘጋግቶ ሰልችቶት ነው መሰለኝ አንድ የድሮ ዘፈን ከፈተ። የሳክስፎኑ መግቢያ እንደተሰማ አወቅሁት። ያንን ዘፈን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ!

ዘፋኙ ሁለተኛውን ግጥም ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ አንዲት "ጠቅ" የምትል ድምፅ ተሰማች። ሾፌሩ ልብ አላላትም፤ ልጅቷም ቀና አላለችም። እኔ ግን አውቃታለሁ። ያቺ ጠቅታ የተወለደችው እኔ በተወለድኩበት ቀን ነው። መውረጃዬን ማለፌን ያወቅኩት ረዳቱ "ማዘር፣ መጨረሻ ነው፤ አይወርዱም እንዴ?" ሲለኝ ነው።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በወጣትነቱ ደሞዝ በተቀበለ ቁጥር ፒያሳ ወርዶ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ይገዛ ነበር፤ የዛሬ ልጆች የማያውቁትን፣ በመርፌ የሚዘፍነውን ያንን ጥቁር ክብ ነገር። እናቴ "ሽሮ አልቋል እያልኩህ የማይበላ ነገር ይዘህ ትመጣለህ" ስትለው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። በኋላ ካሴት መጥቶ ሸክላ የሚያትም ሲጠፋ ስብስቡ እዚያው ላይ ቆመ። ሸክላዎቹ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሱፍ ኮቱ ሥር ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ፎጣ አድርቆ፣ አንዱን ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ሲያወጣው ላየ ሰው ቅዳሴ የገባ ዲያቆን ይመስላል። እኔና ታላቅ ወንድሜ መስፍን እንድናይ እንጂ እንድንነካ አይፈቀድልንም።

ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ያቺን ታክሲ ውስጥ የሰማኋትን ነበር። እናቴ እኔን አርግዛ ወሯ ገብቶ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ያቺ ሸክላ ተከፍታ ምጡ መጣባት። የምትይዘው ብታጣ ማጫወቻው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ጨበጠች፤ መርፌውም ሸርተት ብሎ ሸክላዋን ጫራት። እናቴ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ፣ "አባታችሁ ወደ እኔ ይሩጥ ወደ ሸክላው ግራ ገብቶት ቆመ" ትላለች። እሱ ደግሞ "ወደ ሸክላው ሮጬ ቢሆን ኖሮ ጭረቷ ከየት መጣች?" ይላታል። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ "መጣች!" ማለት ልማዱ ሆነ። ልጅ ሳለሁ አፍር ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቱን እጠብቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ኩላሊቱን ታመመ። ያለን ሁሉ ለሐኪምና ለመድኃኒት ሄደ፤ መጀመሪያ የእናቴ ወርቅ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ፣ ኋላ ላይ የሳሎኑ ወንበር ሳይቀር። ስለ ሸክላዎቹ ግን እሱ እያለ ማንም ትንፍሽ አላለም። መስከረም ሊያልቅ ሲል ሞተ። ዕድሩ የሰጠን ገንዘብ ለቀብሩና ለሰልስቱ ሆነ። ከዚያ አርባው መጣብን።

የነፍስ አባታችን ሊያጽናኑን ሲመጡ እናቴን "ልጄ፣ ድግሱ ግዴታ አይደለም። ፍትሐቱ ይፈታል፤ ለነዳያን ጥቂት እንጀራ ካደረሽ ይበቃል" አሏት። "እሺ አባ" ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከበር እንደወጡ ወደ እኛ ዞራ፣ "አባ የሚያድሩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ እኔ የማድረው እዚህ ሰፈር ነው" አለች። ያን ጊዜ ተናድጄባት ነበር። አንድ ወር ሙሉ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ የተቀመጠች ሴት ስለ በሬ ቅርጫና ስለ ጌሾ ማሰቧ አቃጠለኝ። በቤታችን የቀረ የሚሸጥ ነገር ምን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን።

አንድ ጠዋት እኔና መስፍን ሸክላዎቹን ለሐዘንተኛ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ዘርግተን መለየት ጀመርን። የሚሸጡትን በግራ፣ የሚቀሩትን በቀኝ። አባቴ ጓደኛ ሰጥቶት አንድ ቀን እንኳ ያልከፈተው የውጭ አገር ዘፈን ወደ ግራ ሄደ። ድምፁ የሚያቃጭለውም ወደ ግራ። ከዚያ በኋላ ግን እጃችን እንቢ አለ። መስፍን አንዱን ያነሳና "ይሄን እንኳን፣ ክረምት ክረምት መብራት ሊጠፋ ነው እያለ ተጣድፎ የሚከፍተው ነው" ብሎ በቀኝ ያስቀምጠዋል። እኔ ሌላውን አነሳለሁ፤ ከሽፋኑ ላይ የጣቱን እድፍ አያለሁ፤ በቀኝ አስቀምጠዋለሁ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትርቅ ድረስ በግራ በኩል የተከማቸው ለአንድ ማዳበሪያ በርበሬ እንኳ የማይሆን ነበር።

እናቴ ገብታ ከበላያችን ቆመች።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እየለየን ነው፣ እማዬ" አላት መስፍን። "ብዙም የማይወዳቸውን ሸጠን..."

"የማይወደውን ሸጣችሁ ተዝካሩን ልታወጡ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስታገቡ የተሰበረውን መርጣችሁ ነው? ለነፍሱ የሚሆነው የወደደው ነው።"

ጎንበስ ብላ በቀኝ ያለውን ክምር በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ወደ ግራ አሻገረችው። ያቺ ሸክላ ከላይ ነበረች።

"ያቺንም?" አልኩ።

"እሷን ደግሞ ከሁሉ በፊት።"

"እኔ እኮ አለሁባት!" ብዬ ጮህኩ። ሐዘን ቤት መሆኑን ረስቼ ነው የጮህኩት።

"አንቺማ ይኸው እዚህ አለሽ" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ገዢው አቶ ረዲ ነበር፤ መገናኛ አካባቢ ሱቅ ያለው፣ ለውጭ አገር ሰዎች የድሮ ሸክላ እየፈለገ የሚሸጥ ነጋዴ። አባቴ በሕይወት እያለ ስንት ጊዜ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጨዋውቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። አሁን መስፍን ሲጠራው መጀመሪያ አለቀሰ፤ ሸክላዎቹን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዘነበለ ከመረመራቸው በኋላ ጭንቅላቱን አከከ።

"ሳልሰማ ብገዛ ራሴን ነው የማታልለው" አለ። "ሐዘን ቤት ዘፈን ክፈቱልኝ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ምን ይሻላል?"

እውነቱን ነው። በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችን ሳስነጥስ እንኳ "ይማርሽ" የምትል ሴት ናት። ከሟች ቤት አርባው ሳይወጣ ሳክስፎን ከተሰማ በኋላ ድግሱን ማን ይበላዋል? መስፍን በመስኮቱ ወደ ተራራው እያየ "እላይ እንውጣ" አለ። አቶ ረዲም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻ ይዞ እንደሚመጣ ነገረን።

በማግስቱ ሸክላዎቹን በነጠላ ጠቅልለን በካርቶን አድርገን ከኮተቤ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ጎን ወጣን። ጥቅምት ነበር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሰማዩ ደግሞ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ያለ። ከመንገዱ ዳር ገበሬዎች እሸት ባቄላ ይሸጡ ነበር። አባቴ በዚህ ወቅት ከሥራ ሲመለስ እሸት ሳይዝ ገብቶ አያውቅም፤ መስፍንም እኔም አይተን እንዳላየን አለፍን። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተን ከመንገድ ስንርቅ አቶ ረዲ ማጫወቻውን ድንጋይ ላይ አስተካክሎ ካርቶኑን ከፈተ።

ከተማዋ ከሥራችን ተዘርግታ፣ ጥቁር ለብሰን ጫካ ውስጥ የአባታችንን ዘፈን ለገዢ እናሰማለን። እያንዳንዱን ከግማሽ በላይ አያስኬደውም፤ ጆሮውን ያዘነብላል፣ "ደህና ነው" ይላል፣ ያነሳዋል። አባቴ ዘፈን አቋርጦ አያውቅም። እንግዳ ሊሸኝ እንኳ ቢሆን "ይጨርስ" ይል ነበር። መርፌው በተነሳ ቁጥር አባቴን ንግግሩን ሳይጨርስ አፉን የያዙት መሰለኝ።

በመሐል አንዲት ጭራሮ የተሸከሙ እናት በዚያ ሲያልፉ ዘፈኑን ሰምተው ቆሙ። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ልብሴን አዩ።

"ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?"

"አባቴ።"

"ታዲያ ዘፈኑ?"

ምን ልበላቸው? ተዝካሩን ልናወጣበት ልበል? ማጫወቻውን፣ ካርቶኑን፣ አቶ ረዲን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ የገባቸው መሰለኝ። "እግዜር ያጥናሽ" ብለውኝ ቁልቁል ወረዱ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም።

ያቺ ሸክላ የመጨረሻዋ ሆነች። አቶ ረዲ ሳያቋርጥ አስኬዳት። ሁለተኛው ግጥም ሊጀምር ሲል ጠቅ አለች። የመስፍን ጣት ወደ እኔ ተነሳችና ከመንገድ ተመልሳ ኪሱ ውስጥ ገባች። አቶ ረዲ ደግሞ ፊቱን ቋጠረ።

"ጭረት አለባት" አለ።

"አዎ" አልኩት።

ዘፈኑን አስጨረሰና "ልዋሻችሁ አልፈልግም" አለ። "ጭረትም ኖሮባት የዚህችን ሌላ ቅጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አባታችሁንም ስንት ጊዜ እንደለመንኩት ታውቃላችሁ። ሌሎቹ ተደምረው ያሰባችሁትን አይሞሉላችሁም፤ እሷ ካለችበት ይሞላል። ሆዳችሁ ካልፈቀደ ግን ተዉት፤ አላስገድዳችሁም።"

መስፍን አቶ ረዲን አላየውም። እኔን አየኝ። "አንቺ ያለሽበት ነው፤ አንቺ ወስኚ" አለ። እንዲህ ባይለኝ ኖሮ ምን ነበረበት! ተራራው ላይ ሆኜ የኛን ቆርቆሮ ጣራ ፈለግሁ፤ ከሌላው ጣራ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ጣራ ሥር እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በሩን እያየች ነው። ባዶ እጃችንን ብንመለስ አንድ ቃል አትናገርም። ዕድሜ ልኳን ግን ለባሏ ተዝካር ያላወጣች ሴት ትሆናለች። ሸክላዋን ከማጫወቻው አንስቼ፣ ጠርዝ ጠርዟን ይዤ፣ ሽፋኗ ውስጥ ከተትኩና ሰጠሁት። አባቴ እንደሚይዛት ነው የያዝኳት። በእጄ የነካኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አርባው ወጣ። ድንኳኑ ሞላ፤ ካህናቱ ፈቱት፤ ነዳያንም ጠገቡ። እኔ ወጥ ሳቀርብ አንድ የሰፈራችን ሰው አጠገቡ ላለው "ጠላዋ ትንሽ ቀጥናለች" ሲል ሰማሁ። ድስቱን አናቱ ላይ መድፋት አማረኝ። ማታ እናቴ እግሯን በሞቀ ውኃ እየነከረች "አላሳፈርኩትም" አለች። ከሞተ ወዲህ የዚያን ቀን ብቻ ትንሽ ፊቷ ተፈትቶ አየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ዓመቱ ሞልቶ እናቴ ጥቁሯን ያወለቀች ሰሞን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። ድንገት፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እስቲ አሁንስ ያቺን ክፈቺልኝ" አለች።

ካውያው በእጄ ቀረ። "የትኛዋን፣ እማዬ?" አልኩ፤ እያወቅሁ።

ምስሩን የምትለቅመው እጇ ቆመ። "ለካ..." አለች። ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች። ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ ወደ ድስት ጨመረችው። ማታ ጥርሳችን ውስጥ እየተንቋቋ በላነው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስለ ሸክላ አንስታ አታውቅም።

ይህን ስነግራቸው "ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይተካል" የሚሉኝ አሉ። ይሁንላቸው። እኔ የማውቀው ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተተካ ነገር አለመኖሩን ነው። ያኔ ሌላ መሸጥ የሚቻል ነገር ነበረ ወይ ብዬ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ቤቱን ዞሬዋለሁ፤ ጓዳውን፣ አልጋ ሥሩን፣ ቁም ሳጥኑን። አልነበረም። ዛሬም ሸክላዎቹ ፍራሹ ላይ ቢዘረጉልኝ ከዚያ የተሻለ አልለይም። ተስፋ የሚያስቆርጠኝም ይኸው ነው፤ የምጸጸትበት እንኳ ምርጫ የለኝም።

ታክሲ ውስጥ ዘፈኑን የሰማሁ ዕለት ማታ ለልጄ ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ትንሽ ፈላለገችና ፊቷ በራ።

"እማ፣ አንቺ የሰማሽው ከአሮጌ ሸክላ የተቀዳውን ነው። ይሄ ሪማስተር የተደረገው፣ ጭረቱ ሁሉ የጸዳለት ነው፤ በጣም ክሊን ነው፣ ስሚው!"

ደስ እንዲለኝ ብላ ድምፁን ጨምራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። እውነቷን ነው፣ ሳክስፎኑ ኩልል ብሎ ይሰማል። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ግጥም ጨረሰ፤ ትንፋሹን ሳበ። ጣቴ ሳላዛት ከጠረጴዛው ተነሳች። ቦታው ደረሰ፤ ሁለተኛው ግጥም ጀመረ።

አልመጣሁም።